የደኅንነት ካሜራ ምስል መቅጃ፦ ምስሉ በተፈለገበት ቀን እንዲገኝ መደረግ ያለባቸው ጥንቃቄዎች

በመኖሪያ ሕንፃዎች፣ በንግድ ቤቶች፣ በመጋዘኖች፣ በትምህርት ቤቶችና በጤና ተቋማት የደኅንነት ካሜራ መትከል የተለመደ ሆኗል። ካሜራ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትኩረቱን የሚሰጠው ለካሜራው ጥራትና ብዛት ነው። ስርቆት ወይም ሌላ ጉዳት በደረሰበት ዕለት ግን የሚፈለገው የተቀዳው ምስል ነው፤ ምስሉን ይዞ የሚቆየውም በአንድ ጥግ የተቀመጠው መቅጃ ነው። ካሜራዎቹ ሁሉ በትክክል እየሠሩ ምስሉ ጠፍቶ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አንዳንዴ በአዲስ ምስል ተተክቶ ይገኛል፤ አንዳንዴ ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቶ መቅዳት ካቆመ ወራት ያለፉ ይሆናል፤ አንዳንዴም የመሣሪያው ሰዓት የተዛባ በመሆኑ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ደቂቃ ማግኘት አይቻልም።

ይህ ጽሑፍ የኔትወርክ ቪዲዮ መቅጃ ምንነትን፣ የማከማቻ መጠን አሰላልን፣ የሰዓትና የቀን አሞላልን፣ የኃይል አቅርቦትን፣ የመሣሪያውን ደኅንነትና የሌሎች ሰዎችን የግል ሕይወት መብት በሚመለከት ለዜጎች መሠረታዊ ግንዛቤ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። ለማብራሪያነት የሚያገለግለው ምሳሌ፣ በጋራ መዋጮ ስምንት ካሜራዎችን የሚያስተክል የአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነዋሪዎች ማኅበር ነው።

1. የኔትወርክ ቪዲዮ መቅጃ ምንድን ነው?

በገበያ ላይ በስፋት የሚገኙት መቅጃዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው በተለምዶ ዲቪአር የሚባለው ሲሆን፣ ካሜራዎቹ ምስሉን በኮአክሲያል ኬብል ይልካሉ፤ ምስሉን ወደ ዲጂታል የሚለውጠውና የሚያምቀው መቅጃው ራሱ ነው። ሁለተኛው ኤንቪአር ወይም የኔትወርክ ቪዲዮ መቅጃ ነው። በዚህኛው ምስሉን ዲጂታል የሚያደርገውና የሚያምቀው ካሜራው ነው፤ መቅጃው የተዘጋጀውን ምስል በኔትወርክ አማካይነት ተቀብሎ በሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል።

ይህ ልዩነት በተግባር ሦስት ውጤቶች አሉት። አንደኛ፣ የኔትወርክ ካሜራ መረጃና የኤሌክትሪክ ኃይል በአንድ የኔትወርክ ኬብል ማግኘት ይችላል። ፒኦኢ በተባለው በዚህ አሠራር አንድ ኬብል ሊረዝም የሚችለው እስከ 100 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በመካከል ስዊች ማስገባት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ካሜራውና መቅጃው በአንድ ኔትወርክ ውስጥ እስከሆኑ ድረስ ጎን ለጎን መቀመጥ አይጠበቅባቸውም። ሦስተኛ፣ መቅጃው በኔትወርክ ላይ ያለ ኮምፒዩተር በመሆኑ ማንኛውም ኮምፒዩተር የሚያስፈልገው ጥበቃ ለእርሱም ያስፈልገዋል።

ካሜራውና መቅጃው ከተለያዩ አምራቾች የሚገዙ ከሆነ ሁለቱም ኦንቪፍ የተባለውን የጋራ መስፈርት የሚደግፉ መሆናቸውን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ይህ መስፈርት በ2008 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የተለያዩ አምራቾች መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዲግባቡ ለማድረግ ነው።

2. ምስሉ ለስንት ቀን ይቆያል?

መቅጃው ሃርድ ዲስኩ ሲሞላ ሥራውን አያቆምም፤ አሮጌውን ምስል እያጠፋ በቦታው አዲሱን ይቀዳል። ስለዚህ ማንኛውም ገዢ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ለመታወቅ ስንት ቀን ሊፈጅ ይችላል የሚል ነው። በየቀኑ በሚከፈት ሱቅ ስርቆት በማግሥቱ ይታወቃል። በመጋዘን ግን የዕቃ ጉድለት የሚታወቀው በወሩ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ ሊሆን ይችላል። ነዋሪው ለበዓል ወደ ክፍለ ሀገር ሄዶ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሚመለስበት ቤትም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ ከሆነ በቀን 43.2 ጊጋባይት ይፈጃል። የነዋሪዎች ማኅበሩ ስምንት ካሜራዎች በዚህ መጠን ሌት ተቀን ሲቀዱ፦

• በአንድ ቀን 345.6 ጊጋባይት ይሞላሉ፤
• 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሦስት ቀን እንኳ ሳይደፍን ይሞላል፤
• 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ወደ 11 ቀን ተኩል ያቆያል፤
• ምስሉን ለ30 ቀን ለማቆየት 10.4 ቴራባይት ገደማ ያስፈልጋል።

ኤች.265 የተባለው የማመቂያ ዘዴ፣ ከቀደመው ኤች.264 ጋር ሲነጻጸር ተቀራራቢ ጥራት ያለውን ምስል በግማሽ ያህል መጠን ሊያስቀምጥ ይችላል። ካሜራዎቹም መቅጃውም ይህን ዘዴ የሚደግፉና እያንዳንዱ ካሜራ በሰከንድ ወደ 2 ሜጋቢት የሚወርድ ከሆነ፣ ለ30 ቀን የሚያስፈልገው ቦታ ወደ 5.2 ቴራባይት ዝቅ ይላል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ መቅዳትም ቦታ ይቆጥባል። ይሁን እንጂ ዛፍ በሚወዛወዝበት ወይም ተሽከርካሪ በሚበዛበት ቦታ ቁጠባው ትንሽ ነው፤ የእንቅስቃሴ መለያው በትክክል ካልተስተካከለም ዋናው ድርጊት ሳይቀዳ ሊያልፍ ይችላል። በመሆኑም ዋና መግቢያን የሚያሳየው ካሜራ ሳያቋርጥ እንዲቀዳ፣ ሌሎቹ ደግሞ በእንቅስቃሴ እንዲቀዱ ማድረግ ይመረጣል።

የቀኑን ቁጥር ለማብዛት ሲባል የምስሉን ጥራት መቀነስ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በዘርፉ ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት፣ የማይታወቅን ሰው ማንነት ከምስል ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት ላይ 250 ፒክስል ያስፈልጋል። 1920 ፒክስል ስፋት ያለው ካሜራ ይህን የሚያሟላው የሚያሳየው ቦታ ከ7.7 ሜትር ያልሰፋ ከሆነ ነው። የካሜራው ምስል ወደ 704 ፒክስል ዝቅ ተደርጎ ከተቀዳ ስፋቱ ከ2.8 ሜትር መብለጥ የለበትም። በቀጥታ ሲታይ ጥርት ያለው ምስል በዝቅተኛ ጥራት እየተቀዳ ሊሆን ስለሚችል፣ ርክክብ ሲደረግ መታየት ያለበት የተቀዳው ምስል ነው።

ለመቅጃ የሚገዛው ሃርድ ዲስክ ሌት ተቀን ለሚደረግ ቀረጻ የተሠራ መሆን አለበት። ለተራ ኮምፒዩተር የተሠራ ዲስክ በዋጋ ሊረክስ ቢችልም እረፍት ለሌለው ሥራ የታሰበ አይደለም።

3. የሰዓትና የቀን ጉዳይ

በኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች ይልቅ ልዩ ትኩረት የሚሻው ይህ ነጥብ ነው። መቅጃዎች የሚሠሩት በግሪጎሪያን የዘመን አቆጣጠርና ከእኩለ ሌሊት በሚጀምር የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። አቤቱታ አቅራቢውም ምስክሩም ጊዜውን የሚናገሩት በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርና ከንጋት ወይም ከምሽት በሚነሳው ሰዓት ነው። በሁለቱ መካከል የሚፈጠር ስሕተት መርማሪው የተሳሳተ ሰዓት እንዲፈትሽ ያደርገዋል፤ ፍለጋው ሲራዘምም ምስሉ የመቆያ ጊዜው አልፎ ሊጠፋ ይችላል።

የመሣሪያውን ሰዓት ወደ አገራችን አቆጣጠር ለመለወጥ የሚከተለው ደንብ ያገለግላል፦

• ከ00:00 እስከ 06:59 ባለው ላይ 6 ይደመራል፤ ለምሳሌ 02:00 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤
• ከ07:00 እስከ 18:59 ካለው ላይ 6 ይቀነሳል፤ ለምሳሌ 14:30 ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው፤
• ከ19:00 እስከ 23:59 ካለው ላይ 18 ይቀነሳል፤ ለምሳሌ 20:00 ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው።

ከእነዚህ ምሳሌዎች እንደሚታየው 02:00 እና 14:00 ሁለቱም “8 ሰዓት” ይባላሉ፤ ስለዚህ በማመልከቻ ላይ “8 ሰዓት” ብሎ ብቻ መጻፍ በቂ አይደለም። ሌሊት ወይም ቀን መሆኑ መገለጽ አለበት።

ይበልጥ የሚያሳስተው የሌሊቱ ቀን ነው። በመሣሪያው ላይ ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት፣ ማለትም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በአነጋገር ግን “ማክሰኞ ሌሊት” የሚል ሰው ማክሰኞ መሽቶ ያለውን ሌሊት ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ማክሰኞ የሚያነጋውን ሌሊት ማለቱም ሊሆን ይችላል። “ለረቡዕ አጥቢያ” የሚለው አነጋገር ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳል። ለምሳሌ ድርጊቱ የተፈጸመው ለረቡዕ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሆነ፣ በመቅጃው ላይ የሚፈለገው ጃንዋሪ 22 ቀን 2025፣ 02:00 ነው። በጃንዋሪ 21 ላይ የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም። በማመልከቻ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ማስፈር ተገቢ ነው።

ከአቆጣጠሩ ሌላ የመሣሪያው ሰዓት ራሱ ትክክል መሆን አለበት። የኢትዮጵያ ሰዓት ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማል። ከቻይና የሚመጣ መሣሪያ በአምራቹ አገር ሰዓት ተሞልቶ ከተተወ በ5 ሰዓት ወደ ፊት ያሳያል። የበጋ ሰዓት ለውጥ የሚለው አማራጭም ኢትዮጵያ ስለማትጠቀምበት መዘጋት አለበት። በመሣሪያው ውስጥ ያለች ትንሽ ባትሪ ስትደክም፣ ኃይል በተቋረጠ ቁጥር ቀኑ ወደ ፋብሪካው መነሻ ቀን ሊመለስ ይችላል። መቅጃው ሰዓቱን ከኢንተርኔት በራሱ እንዲያስተካክል ማድረግ፣ ኢንተርኔት ከሌለም በየሳምንቱ ከስልክ ሰዓት ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ሰዓቱ ተዛብቶ ከተገኘና ፖሊስ ምስሉን እየጠበቀ ከሆነ ወዲያውኑ ማስተካከል አይገባም፤ በቅድሚያ የመሣሪያውንና የትክክለኛውን ሰዓት ልዩነት በደቂቃ መዝግቦ መያዝ ይገባል።

4. የኤሌክትሪክ ኃይል መቋረጥ

መብራት ሲጠፋ ካሜራውም መቅጃውም አብረው ይቆማሉ። ጨለማው ለአጥፊ የሚመች ጊዜ ስለሆነ መጠባበቂያ ኃይል እንደ ተጨማሪ ዕቃ መታየት የለበትም። የማኅበሩ መቅጃና ስምንቱ ካሜራዎች በአንድነት 80 ዋት ይጠቀማሉ ቢባል፣ ባለ 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው አነስተኛ ዩፒኤስ የሚይዘው ኃይል 84 ዋት ሰዓት ነው። ይህም በወረቀት ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ይበቃል፤ በተግባር ግን በኃይል ልወጣ የሚባክነው ሲታሰብ ከዚያ ያነሰ ነው። ሙሉ ሌሊት ለመሸፈን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ባትሪ ያስፈልጋል።

መጠባበቂያው መቅጃውን ብቻ ይዞ ለካሜራዎቹ ኃይል የሚሰጠው ስዊች ከተረሳ፣ መቅጃው እየሠራ የሚቀዳው ምስል አይኖርም። ስለዚህ መቅጃው፣ ስዊቹና ራውተሩ በአንድ መጠባበቂያ ላይ መሆን አለባቸው። ዩፒኤስ ሌላም ጥቅም አለው፤ መብራት በድንገት ሲሄድና ከፍ ባለ ቮልቴጅ ሲመለስ ሃርድ ዲስክ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ይቀንሳል።

5. መሣሪያውን ከሌባና ከመረብ ጥቃት መጠበቅ

በግልጽ ቦታ የተቀመጠ መቅጃን ሌባ ከሌላው ንብረት ጋር አብሮ ይዞት ይሄዳል፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። መቅጃው ከጥበቃ ጠረጴዛ ወይም ከገንዘብ ተቀባይ ባንኮኒ ርቆ፣ አየር በሚያገኝና በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት። የኔትወርክ መቅጃ ከካሜራዎቹ ርቆ መቀመጥ መቻሉ ለዚህ ያመቻል።

በኢንተርኔት በኩል የሚመጣው አደጋ ደግሞ የማይታይ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችን፣ መቅጃዎችንና ራውተሮችን በብዛት ተቆጣጥሮ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን፣ በእነዚህ መሣሪያዎች አማካይነት በተሰነዘረ ጥቃት በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ የታወቁ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተስተጓጉለዋል። የመሣሪያዎቹ ባለቤቶች ዕቃቸው ለጥቃት መዋሉን አላወቁም ነበር። ተመሳሳይ አደጋን ለመከላከል፦

• የፋብሪካው የይለፍ ቃል በተከላው ዕለት መቀየር አለበት፤ አዲሱ ረጅምና ከስልክ ቁጥር ወይም ከልደት ቀን ያልተወሰደ ይሁን፤
• የዋና አስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በባለቤቱ እጅ መሆን አለበት፤ ተካዩ ባለሙያ ሥራውን ሲጨርስ እርሱ የሚያውቀው ይለፍ ቃል ይቀየራል፤
• ለጥበቃ ሠራተኞች ምስል ማየት ብቻ የሚያስችል የተለየ መለያ ይከፈታል፤ ማጥፋትና ቅንብር መቀየር ለእነርሱ አይፈቀድም፤
• የመቅጃው የውስጥ ሶፍትዌር ከአምራቹ በሚወጣ ማሻሻያ ይታደሳል፤
• በራውተሩ ላይ በር ከፍቶ መቅጃውን በቀጥታ ለኢንተርኔት ማጋለጥ አይመከርም፤ ከሩቅ ማየት የማያስፈልግ ከሆነም ከኢንተርኔት ማለያየት ይሻላል።

ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነው። ሕጉ መኖሩ ግን የባለቤቱን ጥንቃቄ አይተካም።

6. የሌሎች ሰዎች የግል ሕይወት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው የግል ሕይወቱ የመከበር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሰውን ለይቶ የሚያሳይ ምስል ደግሞ የዚያ ሰው የግል መረጃ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ሕጋዊና ግልጽ ለሆነ ዓላማ እንዲሰበሰብ፣ ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሆንና ከሚገባው ጊዜ በላይ እንዳይቆይ የሚያደርጉ መርሆዎችን ይዟል። አዋጁን የማስፈጸም ኃላፊነት የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ከእነዚህ መርሆዎች የሚመነጩት ተግባራዊ ጥንቃቄዎች የሚከተሉት ናቸው። የማኅበሩ ካሜራ መግቢያውን፣ ደረጃውንና የመኪና ማቆሚያውን ሊያሳይ ይችላል፤ የጎረቤት መስኮት ወይም የአንድ ቤት የውስጥ ክፍል የሚታይ ከሆነ ግን ካሜራው መዞር ወይም ያ ክፍል በመቅጃው ላይ መሸፈን አለበት። በመጸዳጃና በልብስ መቀየሪያ ቦታዎች ካሜራ ማስቀመጥ አይገባም። ካሜራ መኖሩን፣ ዓላማውንና ኃላፊውን የሚገልጽ ማስታወቂያ በመግቢያው ላይ ሊለጠፍ ይገባል። በስርቆት የተጠረጠረን ሰው ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ ማሰራጨት ተገቢ አይደለም፤ ሰውየው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ስሙን መመለስ አይቻልም፤ ጥፋተኛ ቢሆንም ምርመራውን ሊያሰናክል ይችላል። ምስሉ መድረስ ያለበት ለፖሊስ ነው።

7. ምስሉ ለማስረጃነት ሲፈለግ

ጉዳት መድረሱ በታወቀበት ሰዓት የመጀመሪያው ሥራ ምስሉ በአዲስ ምስል እንዳይተካ መከላከል ነው። ብዙ መቅጃዎች የተመረጠን ጊዜ ምስል እንዳይጠፋ የሚቆልፍ አማራጭ አላቸው። ይህ ከሌለ ድርጊቱ የተፈጸመበት ጊዜ፣ ከፊቱና ከኋላው በቂ ጊዜ ተጨምሮበት፣ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል። ድርጊቱን ያሳያል ከተባለው ካሜራ ሌላ የመግቢያና የመውጫ ካሜራዎች ምስልም መያዝ አለበት።

ከመቅጃው ስክሪን ላይ በስልክ የተቀረጸ ምስል ዋናውን ሊተካ አይችልም። ጥራቱ ይቀንሳል፣ የቀኑና የሰዓቱ መረጃ በከፊል ይጠፋል፣ በትክክለኛነቱም ላይ ጥያቄ ይነሳበታል። በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ የተላከ ምስልም ይታመቃል፤ መላክ ግድ ከሆነ በፋይል መልክ መላክ ይሻላል። የተሻለው መንገድ ከመቅጃው የተገለበጠውን ፋይል፣ ከተቻለም ከማጫወቻ ፕሮግራሙ ጋር፣ ሳይቆርጡና ሳያስተካክሉ ማስረከብ ነው። ሲረከቡም የገለባጩ ስም፣ የተገለበጠበት ቀንና ሰዓት፣ የመሣሪያው መለያ ቁጥር፣ የካሜራው ቁጥርና የሰዓት ልዩነት ካለ መጠኑ በጽሑፍ ሰፍሮ መፈራረም ይገባል። አንድ ቅጂ በባለቤቱ ዘንድ ይቀመጣል።

8. ወርሃዊ ፍተሻ

ከላይ የተዘረዘሩት ጉድለቶች አብዛኞቹ በወር አንድ ጊዜ በሚደረግ አጭር ፍተሻ አስቀድመው ሊታወቁ ይችላሉ። ኃላፊነቱ በስም ለአንድ ሰው ተሰጥቶ፣ ውጤቱ በመዝገብ ላይ ቢሰፍር መልካም ነው።

• የእያንዳንዱ ካሜራ የትናንት ሌሊት ምስል ተከፍቶ ይታያል፤ ቀጥታ ምስል መታየቱ ብቻ መቀዳቱን አያረጋግጥም።
• በመቅጃው ላይ ያለው የመጨረሻ አሮጌ ምስል የስንት ቀን እንደሆነ ይታያል፤ ከታቀደው ቀን ካነሰ ምክንያቱ ይጣራል።
• የመሣሪያው ቀንና ሰዓት ከስልክ ጋር ይመሳከራል።
• የሃርድ ዲስኩ የጤንነት መረጃ ይነበባል።
• ኃይል ለጥቂት ደቂቃ ተቋርጦ ዩፒኤሱ ካሜራዎቹን ጭምር መያዙ ይረጋገጣል።
• አንድ አጭር ምስል ወደ ፍላሽ ተገልብጦ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይከፈታል።

የመጨረሻው ፍተሻ ከሁሉም ይበልጣል። ምስሉን ከመቅጃው አውጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ማሳየት የቻለ ሰው ከመቅዳት እስከ ማስረከብ ያለው መንገድ ክፍት መሆኑን አረጋግጧል። ይህን ሞክሮ የማያውቅ ባለቤት ግን ጉድለቱን የሚያውቀው ንብረቱ ከጠፋ በኋላ፣ መርማሪው ምስሉን በጠየቀው ዕለት ነው።